ደብዳቤ ለልጄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ላለችው

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ በሶ ልካልሻለች፤ እርጥበት ያለበት ቦታ እንዳታስቀምጪው።

ብዕር ያነሣሁት ግን ለበሶው አይደለም። ወንድምሽ እንደነገረኝ "አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው፤ ፔዳጎጂው፣ የማስተማር ዘዴው፣ ምን ይጨምርልኛል?" ብለሽ ከተመደብሽበት ትምህርት ቤት 2 ሳምንት ቀርተሻል። ልጄ፣ ፕራክቲከሙን፣ ትምህርት ቤት ወርደሽ ማስተማር የምትለማመጂበትን፣ አትናቂው።

የምትኖሪበት ግቢ ለምን ፔዳ እንደተባለ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? በ1960ዎቹ አጋማሽ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው ሲያቋቁሙት ስሙ የፔዳጎጂ አካዳሚ ነበር። (ያኔ ሚኒስቴሩም የትምህርትና ሥነ ጥበብ ይባል ነበር፤ ሥነ ጥበቡ ከስሙ መውጣቱ እስከዛሬ ይቆጨኛል።) ሥራው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ሰዎችን፣ ማለትም የመምህራን አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን ማውጣት ነበር። ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ በዲፕሎማ አስመረቀ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዲግሪ ጀመረ፣ በ1992 ከፖሊ፣ ከከተማው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አንቺ የናቅሽው ነገር የግቢሽ ስም ነው።

አዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲው በንጉሡ ስም ሲጠራ፣ ከ1957 ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር፤ የብዙዎቹ ምድብ ማስተማር ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴሶ የተባለው የመምህራን ትምህርት ለውጥ መጣ። የ4 ዓመቱ ዲግሪ 3 ሆነ፣ ፕራክቲከሙ በዛ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የተቆረጠው ግን ከሰዋስውና ከሥነ ጽሑፉ ስለነበር "ማስተማር ያውቃል፣ የሚያስተምረውን አያውቅም" የሚል ወቀሳ አስከተለ። ቀጥሎ በፒጂዲቲ፣ ከዲግሪ በኋላ በሚሰጠው የማስተማር ዲፕሎማ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ተዘለለ፦ 3 ዓመት ቋንቋውን፣ ከዚያ 1 ዓመት ማስተማሩን። ለእኔ ይኸኛው ይብሳል፤ ሌላ ሥራ ያጣ ሁሉ መምህርነትን እንደ መጠለያ ገባበት።

ይህን ሁሉ ቀድሜ አለመንገሬ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢሆንም ፕራክቲከሙን አትናቂው።

አፌን የፈታሁበት ነው ካልሽ፣ "አለ" ብለሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊ። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው። "ገና"ም እንዲሁ። ፊደላችን ማጥበቅን አይጽፍም፤ አንቺ ሳታስቢው ታልፊዋለሽ፣ ቤቱ አዊኛ የሚናገር ልጅ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። የት እንደቆመ የምታውቂው ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ስትዪ ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ፊደል የሚያምታታም ይገጥምሻል። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ስለወረደልሽ አነበበ እንዳትዪ፤ የሸመደደው ተራውን ነው። ገበታውን ከታች ወደ ላይና በሰያፍ እየጠቆምሽ ጠይቂው። ሰና ሸን፣ ተና ቸን፣ ነና ኘን በአንድ ቀን አትደርቢበት፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለችው ሰረዝ ናት።

የመጀመሪያውን ሳምንት የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ተማሪ ዝም ያለበትን ደቂቃ መዝግቢ። ከ40ው ደቂቃ 15ቱን ካወራሽ ይበቃል። የቀረ መምህር ክፍለ ጊዜ እንድትሸፍኚ ይለምኑሻል፤ አንድ ሁለቴ እሺ በይ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ኖት ገልብጦ መውጣት ትለምጃለሽ፣ ማንም አያርምሽም።

ሰኞ ከሰልፍ በፊት ድረሺ። ዳይሬክተሩን ይቅርታ ጠይቂ፣ ቀጥሎ ሜንተርሽን፣ እዚያ የሚከታተልሽን መምህር። የቀረሽባቸውን ክፍለ ጊዜያት በቀን ዘርዝረሽ ማካካሻውን አስፈርሚ፤ ኮፒውን አንቺ ጋ አስቀሪ። የጋዋንሽ ኪስ ተቀዷል፣ ስፊው፤ ጠመኔ ያፈስብሻል። ፕራክቲከሙን እንዳትንቂ፣ ሕሊናዬ።

እናትሽ ስትደውል ስልክ አንሺ።

አባትሽ