የሚሞሪ ዋጋ ለምን ጨመረ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ሱቃችን የምትመጡ ብዙዎቻችሁ ስለ ሚሞሪ (ኮምፒውተር የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው ስለሚይዝበት ቺፕ) ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «አሜሪካ ቺፕ ራሷ ልትሠራ አይደል እንዴ? ታዲያ ሚሞሪ ለምን ተወደደ? ትንሽ ብታገሥ አይረክስም?» ለዚያ ብላችሁስ አትጠብቁ።

ፕሬዚዳንት ባይደን በኦገስት 2022 የፈረሙት «ቺፕስ አክት» የተባለው ሕግ አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩ የቺፕ ፋብሪካዎች 39 ቢሊዮን ዶላር ማበረታቻ መድቧል። ፋብሪካ ግን በአንድ ዓመት አይቆምም። ሚሞሪ አምራቹ ማይክሮን ከዚሁ ገንዘብ በ2024 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈቅዶለታል፤ ከአዲሱ የአይዳሆ ፋብሪካው ምርት ይወጣል የተባለው ግን በ2027 ነው። እስከዚያ ያለውን ሚሞሪ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች (ብዙ ኮምፒውተሮች የተደረደሩባቸው ግዙፍ ማዕከላት) እየተሻሙት ነው። ይባስ ብሎ ማይክሮን «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ሸማች የሚያቀርበውን እንደሚያቆም በዲሴምበር 2025 አስታወቀ። የብዙዎቻችሁ ላፕቶፕ ውስጥ የገጠምነው እሱን ነበር።

እዚህ አሜሪካ የተመረተው ቺፕም ቢሆን መንገዱ ረጅም ነው። ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የተባለው የታይዋን ኩባንያ ፊኒክስ፣ አሪዞና ማምረት ጀምሯል። ከፋብሪካው የሚወጣው ግን ዋፈር ነው፦ ወርዱ የእንጀራ ምጣድ ግማሽ የሚያህል፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ክብ የሲሊከን ዝርግ። እሱ ተቆራርጦ፣ ታሽጎ፣ ቦርድ ላይ የሚበየድ ቺፕ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ውቅያኖስ ተሻግሮ ታይዋን ደርሶ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ምግብ ቤት ካሽ ሬጅስተር አልበራ ብሎ ከፈትነው። የተቃጠለው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ዋጋው አንድ ዶላር የማይሞላ ቺፕ ነው። በ2021 መኪኖችን ሳይቀር ሳያልቁ ያስቆመው እንዲህ ያለው ርካሽ፣ የቆየ ዓይነት ቺፕ መጥፋቱ ነበር። ሕጉ ከ39 ቢሊዮኑ ለዚህ ዓይነቱ ቺፕ ለይቶ ያስቀመጠው 2 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ለእኛ ቢጤ ነጋዴ አንሶብናል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምንሰጣችሁ የሚሞሪ ዋጋ የሚጸናው ለ7 ቀን ነው፤ አከፋፋዮቻችንም ከዚያ በላይ አያቆዩልንም። ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትረከባላችሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ ሳትጥሉት አምጡት፤ ሚሞሪው ለሌላው ኮምፒውተራችሁ የሚሆን ከሆነ የምናስከፍላችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች