ኮሙናሉን መጥታችሁ እዩት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ ስለ እንጀራ ያወጣችሁትን ዘገባ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። የሚሸጠው እንጀራ ሳስቷል፣ ድብልቁ በዝቷል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል ብላችኋል። ልክ ናችሁ። እዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ያናደደኝ መጨረሻው አካባቢ ስለ እኛ የተጻፈው አንቀጽ ነው። በከተማዋ ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች የሚኖሩ ሰዎች የጋራ መጋገሪያ ቤት ተሠርቶላቸው ሳለ መጋገሩን ትተው ገዝቶ መብላት መርጠዋል፤ ሻጩም ያገኘውን እየደባለቀ የሚሸጠው እነሱ ዝም ብለው ስለሚገዙ ነው ይላል።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ጋዜጠኛችሁ ያነጋገራቸው ሰዎች ከየት እንደሆኑ ዘገባው ላይ አለ። ከቦሌ አለ፣ ከገርጂ አለ፣ ከሳር ቤት አለ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ አንድም ሰው የለም። ስለ እኛ ለመጻፍ እኛን መጠየቅ አያስፈልግም ያለው ማነው?

ወደ መጋገሪያ ቤቱ ልምጣ። እኛ ኮሙናል ነው የምንለው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ኮሙናል አብሮ የተሠራው በምክንያት ነው። ፎቅ ላይ በግ አይታረድም። ፎቅ ላይ ብርድ ልብስ አጥቦ ማስጣት ያስቸግራል። እንጨት አንድዶ መጋገርማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ጭሱ ላይኛውን ጎረቤት ያፍነዋል። ስለዚህ ለእርዱም፣ ለልብሱም፣ ለእንጀራውም ታች የጋራ ቤት ተሠራ። ይህን ያሰበ ሰው ኑሯችንን የሚያውቅ ሰው ነበር። ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

የእኛን ኮሙናል ግን ዛሬ ገብታችሁ እዩት። ግማሹ ሱቅ ነው፣ ግማሹ መጋዘን። ለምጣድ ተብሎ የተሠራው መደብ ላይ ባዶ የቢራ ሳጥን እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሯል። ጭስ መውጫው በፌስታል ተወትፏል። ከሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቀርሻው አሁንም አለ፤ ገና የገባን ሰሞን ተጋግሮበታል። ከዚያ ቤቱ ተከራየ። ያከራዩት ጎረቤቶቼ ናቸው። ኪራዩ ለጥበቃ ደመወዝ ይሁን ብለው ነው፤ ጥበቃም ያስፈልገናል፤ ስለዚህ እነሱ ላይ መፍረድ አልችልም። ግን ቁልፉ የነጋዴ እጅ ላይ ያለ ቤት እንዴት ሆኖ ነው «ተሠርቶላቸዋል» ተብሎ እኛ ላይ የሚቆጠረው? ጋዜጠኛችሁ በሩን ገፋ አድርጎ ቢያይ ኖሮ ይህን አንቀጽ አይጽፈውም ነበር። ከቢሮው ሳይነሳ ነው የጻፈው።

ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ አይደል ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ያረፈ ሁሉ ምጣዱን በአንድ ጊዜ ይሰካል። ወይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ አንዱ ፌዝ ይጠፋል፣ ወይ ጭራሽ መብራት ይሄዳል። ደህና በሚባለው ቀን እንኳ ኃይሉ ይቀንስና ምጣዱ አልግል ይላል።

ሊጥ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፤ ጋዜጠኛችሁ ምጣድ ፊት ቆሞ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ረቡዕ ማታ ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላይ ያቀረረው ውሃ ይቀዳል። ከሊጡ ትንሽ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስልና አብሲት ይጣላል። ከዚያ ሊጡ ኩፍ ይላል። ኩፍ ካለ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ያኔ ካልተጋገረ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል፣ ዓይንም አያወጣም።

አንድ ቅዳሜ ሊጡን አስፍቼ አክንባሎውን እንደከደንኩ መብራት ሄደ። ስከፍተው ግማሹ ዓይን አውጥቷል፣ ግማሹ እንደፈሰሰ ምጣዱ ላይ ተኝቷል። በሰፌድ ላወጣው ብል ለሁለት ተቀደደ። ቡሃቃው ሙሉ ነው። ልጆቼ ቁርስ ይጠብቃሉ። መብራቱ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ያን ሊጥ ጋገርኩት፤ አፍ የሚያጣምም ኮምጣጣ ሆነ፤ ለፍርፍርም አልሆነም። የሳምንት ጤፍ እንደዚያ ነው የሄደው። ኮሙናሉ ክፍት ቢሆን ቡሃቃዬን ይዤ ወርጄ በእንጨት እጨርሰው ነበር። ከሳይቱ ጀርባ ያሉት የድሮ ነዋሪዎች ዛሬም በጭራሮና በኩበት ይጋግራሉ፤ መብራት ሄደ ብለው ሊጥ አይደፉም። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ኩበት እናንድድ?

የውሃውን ፈረቃ አላነሳም፤ ታውቁታላችሁ።

ዘገባው ጤፍ ገዝቶ ማስፈጨት ይረክሳል ብሎ አስልቶልናል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ኩንታል ጤፍ የሚገዛው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው። ደመወዝ ይገባል፣ ባንኩ የቤቱን ዕዳ ይቆርጣል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ይከፈላል። ለጤፍ የሚተርፈው ለጥቂት ኪሎ ነው። የሚያበሳጨው ደግሞ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚያልቀው እኛ ጋ መሆኑ ነው። የአድአ ማኛ የጫነው መኪና በደጃችን አልፎ ወደ መሃል ከተማ ይገባል፤ ከዚያ የነጋዴ ትርፍ ተጨምሮበት ወደ እኛ ይመለሳል። ወፍጮ ቤትም ሌላ ጣጣ አለ። ከፊታችሁ በቆሎ ያስፈጨ ካለ ቅሪቱ ከእናንተ ጤፍ ጋር ይወጣል። የሰፈሬ ሴቶች «ከእኔ በፊት ምን ተፈጨ?» ሳይሉ ጤፋቸውን አያስገለብጡም። እነዚህ ሴቶች ናቸው ለጥራት ደንታ የላቸውም የተባሉት?

ይህ ሁሉ ሲሆን ነው ሱቅ የምንወርደው። የሱቁን እንጀራ ልንገራችሁ። ከላይ ያለችው ነጭ ናት፣ ዓይኗም ያምራል። ከሥሯ ያሉት ስስ ናቸው። ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ስለሚከተት ያልበዋል፤ ስለዚህ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ሩዝ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ጠዋት ላይ ደርቆ ይሰባበራል። ልጄ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትመለስ ወጡን በማንኪያ በልታ እንጀራውን ትታው ትመጣለች። «እማዬ፣ አይጠቀለልም» አለችኝ። ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የተባለ ጊዜ ለልጆቻችን ምን አበላን ብለን የደነገጥነውም እኛ ነን። ያን እንጀራ የበላ ሰው «መርጣችሁ ነው» አይለንም።

ከዘገባው ጎን ደግሞ ጥሩ እንጀራ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶችን ዘርዝራችኋል። ሁሉም መሃል ከተማ ናቸው። ሽሮ ለመብላት ልጆች ይዤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ልቁም? ስለ እኛው ሰፈር ምግብ ቤት እኔ ልንገራችሁ። በፆሙ ሰሞን አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ውስጥ እንጀራ ስላልነበረ ምሳ ጋበዝኳቸው። በየአይነቱ አዘዝን። ምስሩ ጣፋጭ ነበር፣ ጎመኑም እንደዚያው። እንጀራው ግን የትናንት ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ጭማሪ እንጀራ ስጠይቅ አስተናጋጇ «እንጀራ አልቋል፣ ዳቦ ላምጣ?» አለችኝ። አማቴ ምንም አላሉም። እጃቸውን አንስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ግን አፈርኩ። ከደብረ ብርሃን የመጣ እንግዳ በየአይነቱን በዳቦ ይብላ?

አስተናጋጇን ምን ሆናችሁ ነው ብዬ ስጠይቃት የምታቀርብላቸው ሴትዮ ሰፈር ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም አለችኝ። ጋዜጠኛችሁ ያልደረሰበት ነገር ይህ ነው። ሻጯም እንደ እኔው ሊጧ ይበላሽባታል። ነገ ደንበኛ እንዳይቀርባት የኮመጠጠውን በአዲስ ዱቄት ትለውሰዋለች፤ በደንብ ሳይቦካ ትጋግረዋለች። እናንተ በጥናት አገኘነው የምትሉት «ዓይን የሌለው እንጀራ» የሚመጣው እንዲህ ነው። ከሸማች ስንፍና አይመጣም።

ስለዚህ እርማት እጠይቃለሁ። ያ አንቀጽ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ። ቀጥሎ ጋዜጠኛችሁን ላኩት። ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፣ ምጣድ የሚሰካበት ሰዓት ላይ። በየሳይቱ ያሉት ኮሙናሎች ስንቶቹ ለመጋገሪያ ክፍት እንደሆኑ፣ ስንቶቹ እንደተከራዩ ቆጥሮ ይጻፍ። ለጥበቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ቦታ እንዲገኝና ቤቱ ለሥራው እንዲመለስ ማን መፍቀድ እንዳለበት ክፍለ ከተማውን ይጠይቅልን። እኛ ስንጠይቅ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ነው የሚመሩን፤ ጋዜጣ ሲጠይቅ ምናልባት መልስ ይሰጣሉ። ስልኬን ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ታክሲው የሚያወርድበት ቦታ ድረስ መጥቼ እቀበለዋለሁ፣ መጋዘኑንም ራሴ አስከፍትለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ