«አንድም ሠራተኛ አልተባረረም» ላላችሁት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት የአሜሪካ አየር መንገዶች ከኮሮና ዘመን እንዴት ተርፈው እንደወጡ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በስልኬ፣ በምሳ ሰዓት። ከዚያ ማታ ቤት ገብቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ደገምኩት። ምናልባት በጥድፊያ አንብቤ ይሆናል የተናደድኩት ብዬ ነው። አይደለም። ቃሉ እዚያው ነበር። «የመንግሥት ድጎማ በመሰጠቱ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ድረስ አንድም የአቪዬሽን ሠራተኛ አልተባረረም» ይላል።

እኔ የተባረርኩት በኤፕሪል 2020 ነው። የድጎማው ሕግ ማርች 27 በተፈረመ በሁለት ሳምንቱ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ዱለስ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። እናቱን ወይም አባቱን ከአዲስ አበባ ያመጣ አንባቢያችሁ ሁሉ እኔን ወይም ጓደኞቼን ያውቀናል። አውሮፕላኑ በር ላይ ዊልቸሮቹን ደርድረን የምንጠብቀው እኛ ነን። የኢሚግሬሽኑን ጥያቄ የምናስተረጉመው እኛ ነን፤ ለማስተርጎሙ የሚከፍለን የለም። አንዴ አንዲት እናት ከሊፍቱ እስክንወርድ ድረስ እጄን ይዘው አልለቀቁኝም። «አንቺ ልጅ፣ ያገሬ ሰው ነሽ አይደል? አደራ፣ ልጄ እስኪመጣ እንዳትሄጂብኝ» አሉኝ። ልጃቸው ትራፊክ ይዞት አርባ ደቂቃ ዘገየ። አልሄድኩም። በዚያ ምክንያት የሚቀጥለውን በረራ አስረፍደሻል ተብዬ ወረቀት ተጻፈብኝ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ አውጥተው መርቀው ሰጡኝ። ይሄ ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድነው?

ዘጋቢያችሁ እኛን ያላየበትን ምክንያት እገምታለሁ። ዩኒፎርማችን ላይ የአየር መንገድ ስም የለም። በ1986 የወጣ የአሜሪካ ሕግና በእሱ ሥር የወጣ ደንብ አለ። አካል ጉዳተኛ ወይም አቅመ ደካማ ተሳፋሪን ያለ ክፍያ የማገዝ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው ይላል። አየር መንገዶቹ ግን ሥራውን በጨረታ ለሌላ ካምፓኒ ይሰጣሉ። ባነሰ ዋጋ አሠራለሁ ያለ ያሸንፋል። ያነሰው ዋጋ ደግሞ ከሌላ ከየትም አይመጣም፣ ከእኛ ደሞዝ ነው። የአውሮፕላን ጽዳቱም፣ የምግቡም፣ በብዙ ቦታ የሻንጣውም ሥራ እንደዚሁ ነው። እኔ በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ ያንኑ ዊልቸር እየገፋሁ፣ ሦስት ጊዜ ዩኒፎርም ቀይሬያለሁ። ኮንትራቱ በተቀየረ ቁጥር ሲኒየሪቲዬ፣ ማለትም የሥራ ዘመን ቆጠራዬ፣ ከዜሮ ይጀምራል። ያጠራቀምኩት የዓመት ፈቃድ ይሰረዛል። የምሠራው ያው፣ ሱፐርቫይዘሬም አንዳንዴ ያው ሰውዬ፣ ወረቀቱ ላይ ግን አዲስ ቅጥር ነኝ። እናንተ «ሪስትራክቸሪንግ» (የካምፓኒ አደረጃጀት ለውጥ) ብላችሁ በአንድ አንቀጽ ያለፋችሁት ነገር ወደ እኛ ሲደርስ ይሄን ይመስላል።

ዘገባው «ሠራተኛው በማኔጅመንቱ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከምን እንደመጣ ግልጽ አይደለም» ማለቱም አስገርሞኛል። ግልጽ ነው። በ2003 የአሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኞች ካምፓኒው እንዳይከስር ብለው በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ደሞዝና ጥቅማጥቅም ለመተው ድምፅ ሰጡ። በዚያው ሰሞን ለከፍተኛ ኃላፊዎቹ ቦነስ መዘጋጀቱ ታወቀ። ካምፓኒው ቢከስር እንኳ የእነሱ ጡረታ የማይነካበት ፈንድም ተቀምጦ ኖሯል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶን ካርቲ በኤፕሪል ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ዩናይትድ ኤርላይንስ ደግሞ በዲሴምበር 2002 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በ2005 ፍርድ ቤት የሠራተኞቹን ጡረታ ትቶ እንዲሄድ ፈቀደለት። የጡረታ ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት 6.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ተሸከመ፤ ብዙ ሰው ከጠበቀው ያነሰ ጡረታ ደረሰው። ይሄን ያየ ሰው ማኔጅመንቱን ባይጠራጠር ነበር የሚገርመው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ማኅበር ያላቸው፣ የአየር መንገዱን ባጅ ያንጠለጠሉ ሠራተኞች ናቸው። እኛ ከእነሱ በታች ነን።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሯ ልመለስ። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ ታገሱኝ።

የ2020ው የድጎማ ሕግ ለተሳፋሪ አየር መንገዶች 25 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ለእኛ ዓይነቶቹ ኮንትራክተር ካምፓኒዎች ደግሞ ለብቻው 3 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ ለደሞዝ ብቻ እንዲውል ነው። የወሰደ ካምፓኒ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሠራተኛ ያለፈቃዱ እንዳያባርር፣ ደሞዝም እንዳይቀንስ ተባለ። እስከዚህ ድረስ ዘጋቢያችሁ ትክክል ነው። ግን ግዴታው ካምፓኒዎቹን የያዛቸው ከአሜሪካ ግምጃ ቤት (ትሬዠሪ) ጋር ውሉን ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያባረሩትን ማንም አልጠየቃቸውም። የሚሰጣቸው ብር መጠን ደግሞ የተሰላው ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 2019 በከፈሉት ደሞዝ ነው።

ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። በ2019 ሰመር እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ደብል ሽፍት እሠራ ነበር። የልጄን የኮሌጅ ክፍያ ለመሙላት ጁላይን ሙሉ አንድ እሑድ ብቻ ነው ያረፍኩት። ያቺ ጁላይ፣ ያ ኦቨርታይም፣ ካምፓኒው ለመንግሥት ባቀረበው ሒሳብ ውስጥ አለች። በኔ ላብ ብሩ ተሰላ፣ ተጠየቀ፣ ተሰጠ። ግምጃ ቤቱ ይፋ ባደረገው የተቀባዮች ዝርዝር ላይ የካምፓኒያችንን ስም በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን ያኔ ቤቴ ነበርኩ። ብር ሲጠየቅ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ብሩ ሲመጣ አልነበርኩም።

ሥራ አልነበረም የሚለኝ አይጠፋም። አውቃለሁ። በዚያ ኤፕሪል የተሳፋሪው ቁጥር ካለፈው ዓመት ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ ያህል ወርዶ ነበር። ኤርፖርቱ ጭር ብሎ፣ የራስህ ኮቴ የሚያስደነግጥህ ቦታ ሆኖ ነበር። ግን ሕጉ የወጣው ለዚሁ አይደለም እንዴ? ሥራ በሌለበት ጊዜ ሰው ደሞዙን እያገኘ እንዲቆይ ነው። ሥራ ቢኖርማ ድጎማው ለምን ያስፈልግ ነበር? ካምፓኒዎቹ ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ዘገየብን ይላሉ። መዘግየቱ እውነት ነው። ታዲያ ብሩ ከደረሰ በኋላ ለምን አልጠሩንም? እኔ ስልኬን ከጎኔ አድርጌ ነበር የምተኛው።

የኔ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የኮሮና ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ በኦክቶበር 2020 ሪፖርት አውጥቷል። ውሎቹ እስኪፈረሙ በነበረው ጊዜ በአቪዬሽን ካምፓኒዎች ከ16,500 በላይ ሰው ከሥራ እንደወጣ ይናገራል። ዘጋቢያችሁ ኦክቶበር 1 ላይ አሜሪካን ኤርላይንስ 19,000፣ ዩናይትድ 13,000 ሠራተኛ አሰናበቱ ብሎ ጽፏል። ትክክል ነው፣ ያንን አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። የእኛን 16,500 ግን አንድ መስመር ነፈገው። ይሄ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ቢሆን ዝም እል ነበር። እናንተ ግን በአማርኛ ነው የምትጽፉት፣ አንባቢያችሁም እዚሁ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለው ሰው ነው። በዚህ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋው፣ አውሮፕላን የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ከእናንተ የበለጠ ማን ያውቃል?

የተባረርኩበትን መንገድም ልንገራችሁ። ቴክስት ነው የመጣልኝ። ሁለት መስመር። እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ፕሮግራም የለሽም፣ ባጅሽን እስከ ዓርብ መልሺ። ባጁ ካልተመለሰ የመጨረሻው ቼክ ይያዛል ተባለ። ማስክ አድርጌ፣ አውቶቡሱም ቀንሶ ስለነበር ጎረቤቴን ለምኜ በመኪናው ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ሰው የለም። በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ክዳን የሌለው የፕላስቲክ ሣጥን። ባጆች ሞልተውታል። ፎቶዎቹ ወደ ላይ ያያሉ። ከላይ ካሉት ሦስቱን አወቅኳቸው። አንደኛዋ ከኔ ጋር ለአምስት ዓመት የማታ ሽፍት የሠራች ናት፤ ከሥር ያለው የአዲግራቱ ልጅ ነው፣ ገና ሚስቱን ካመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። የኔንም እላዩ ላይ አስቀመጥኩ። በግንባሯ እንዳትደፋ ብዬ አስተካከልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከዛሬ አላውቅም።

በ2021 ተጠርቼ ተመልሻለሁ። እንደ አዲስ ቅጥር፣ በመነሻ ደሞዝ። ያቺ የማታ ሽፍት ጓደኛዬ አልተመለሰችም፣ አሁን ሕፃናት ትጠብቃለች።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙ። «አንድም የአቪዬሽን ሠራተኛ አልተባረረም» የሚለውን አውጥታችሁ «በኮንትራት ካምፓኒዎች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ተባረዋል» በሉ። ማረሚያውንም ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ፣ ሰው በሚያየው ቦታ አውጡት። ዘጋቢያችሁ ማረጋገጥ ከፈለገ የጁላይ 2019 የደሞዝ ወረቀቴንና ያንን ቴክስት ፎቶ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ስሜን ግን አታውጡት፣ ነገ ጠዋት ሽፍት አለኝ።

አንድ የዱለስ ኤርፖርት ሠራተኛ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ