ለልጄ፦ አዲስ አበባ ቤት ስትከራዪ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ጦሳ ተራራ ላይ የተኛው ጉም እስከ ረፋድ አይነሳም።

የሁለቱን ቤት ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ ያለው ሰፊ ነው፣ ኪራዩም ቀለል ይላል። የጉርድ ሾላው አንድ ክፍል ሆኖ ዋጋው ይቆነጥጣል። አባትሽ «ሰፊውን ትያዝ፣ እንግዳ ሲመጣ የት ሊተኛ ነው?» ይላል። እንግዳው እኛው አይደለን? ምንጣፍ አንጥፈን እንተኛለን። እኔ ጉርድ ሾላን ያዢ ባይ ነኝ።

ሥራሽ መገናኛ ነው። ከጉርድ ሾላ መገናኛ በእግር ይደረሳል። ታክሲ ቢጠፋ፣ ባቡሩ ቢቀር፣ ነዳጅ የለም ተብሎ ከተማው ቢተራመስ፣ አንቺ ሻርብሽን ጠቅለል አድርገሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ኮዬ ብትገቢ ግን ረመዳንን አስቢው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ፣ ከቦርሳሽ ተምር አውጥተሽ ልታፈጥሪ ነው። አንድ ሁለት ቀን ምንም አይደል። ወሩን ሙሉ ግን ይከብዳል።

የጎረቤታችን ልጅ ደሴ እየሠራ፣ ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወሬ ደረጃ ቅርብ ነው። መሃል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ ግን ሹፌሩ ፊቱ ያለውን መኪና እንኳ አያይም፤ መብራት አብርቶ እየዳኸ ይወጣል። ልጁ በኪራይ ያተረፈውን ለትራንስፖርት ከፈለ። ማታ እራት ሳይበላ የሚተኛበት ቀን በዛ። አሁን እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ጠበብ ያለች ቤት ይዟል፣ ፊቱም ወዝ አውጥቷል። አንቺም ኪራዩን ብቻ አታስዪ። የታክሲውን ደምሪበት፣ የዝናቡን ቀን ራይድም ደምሪበት፣ ከዚያ ሁለቱን ቤቶች አወዳድሪ።

አክስትሽ ደግሞ «የወሎ ልጅ ወሎ ሰፈር ነው የምትከራየው!» ብላ ስታስቀን ዋለች። ቦሌ አፍንጫ ሥር ያለ ሰፈር ነው። ኪራዩን እሷ ትክፈልልሽ እንጂ እኔ አልከለክልም።

አሁን እንደ እናት ሳይሆን እንደ አከራይ ልንገርሽ። ግቢያችን ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች ሳከራይ ስንት ዓመቴ፤ የአከራይን ሆድ አውቃለሁ። እኛ አከራዮች ክረምት ላይ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው ያስፈራናል። ጣሪያው የሚያንጠባጥበው፣ ግድግዳው የሚያላብበው ያኔ ነዋ! ስለዚህ አዲስ ቀለም አያታልልሽ። ከአልጋው ራስጌ በታች፣ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጥግ ጎንበስ ብለሽ እይ። ቀለሙ አብጦ ከሆነ በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ዱቄት ሆኖ ከረገፈ እርጥበት አለው፣ ልብስሽም ይሻግታል።

ውሃውንም እንዲሁ። የጉርድ ሾላው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም ብለሽኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ግፊቱ እዚያ ድረስ ይወጣል ወይ? ደላላው «ኧረ ይወጣል!» ማለቱ አይቀርም። አንቺ ጎረቤት አንኳኪና ጠይቂ። ደረጃው ላይ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን ካየሽ ግን መጠየቅም አያስፈልግሽ። መብራቱስ? ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ቆጣሪ ስንቱን ጎረቤት አኳርፏል።

ደላላው ቅዳሜ ረፋድ ሲያሳይሽ ሁሉም ያምራል። አንቺ ጓደኛሽን ይዘሽ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከመገናኛ በእግር ተነሺ። ዋናው መንገድ ላይ የእግረኛው መሄጃ ሰፊና መብራት ያለው ሊሆን ይችላል። የኔ ጭንቀት ከአስፋልቱ ተገንጥለሽ ወደ ውስጥ ስትገቢ ያለው ነው። መብራት አለ? ክዳን የሌለው ጉድጓድ አለ? ሱቁ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ባለሱቁ ሰላም የሚል ሰው ከሆነ ግማሽ ጥበቃ ነው።

ወደ ውሉ ልምጣ። በ2016 የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1320። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዝገብ ይላል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራዩ «የስድስት ወር በእጅ ስጪኝ፣ ውሉ ላይ ትንሽ እንጽፋለን» ካለሽ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። ዛሬ ሕግ የሸወደ ነገ አንቺን ይሸውዳል። አከራይ ጓደኞቼ ይህን ቢሰሙ ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙኝ።

ደግሞ የሚያከራይሽ ባለቤቱ ራሱ መሆኑን አረጋግጪ። ወኪል ከሆነ ውክልናውን እይ፣ መታወቂያውን ከስሙ ጋር አመሳክሪ። ደላላው «ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቶሎ ቀብድ ጣይ» ይልሻል። ሁልጊዜም ሌላ ሰው እየመጣ ነው፤ አብሽሪ፣ አትደንግጪ።

ከመፈረምሽ በፊት ውሉን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ነው የቀረው። እንደደረሰ ይዤልሽ እመጣለሁ። ላምበረት መናኸሪያ ከወረድኩ በኋላ ጉርድ ሾላ ቅርቤ ነው። ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክሜ ኮዬ ድረስ እንዳታዞሪኝ።

እናትሽ፣ ከደሴ