ጉዳዩ፦ «ጭቃውን አትንኩት» ተብለን ስላጣነው የጎርፍ ካሳ

ለኢንሹራንስ ኩባንያው ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የካሳ ክፍል

ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስላለ፣ እናንተ ዘንድ ዋስትና የገባንለትን የመኖሪያ ብሎካችንን የመታውን የነሐሴ ጎርፍ ከመነሻው አልተርክም። ቅሬታዬ ባለሙያችሁ ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ስለሰጠኝ ትእዛዝ ነው። «ሰኞ ገማች እልካለሁ፤ እስከዚያ ጭቃውን አትንኩት፣ ዕቃም አታንሡ» አለኝ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝና በየበሩ ዞሬ አካፋ ያነሣውን ሁሉ አስተውኩ። ሰኞ ማንም አልመጣም። ስንደውል «መኪና የለም»፣ ቀጥሎ «ገማቹ ደሴ ነው» ተባልን። ደሴ እኮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሚኒባስ ሞልቷል።

ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እማማ የዓመት ስንዴያቸው በጆንያው እንዳለ ርሶ፣ አይንኩ ስላልኳቸው ብቻ ዓይናቸው እያየ በቆልት አወጣ። ሽታው አልቻል ሲለን ጠረግን። ከዚያ በፊት ግን ከሶኬቱ በላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ሳይቀር ፎቶ አንሥተናል። ገማቹ ይሄኔ መጣና «ማስረጃውን አጥፍታችሁ ምን ልይ?» አለን። እማማ በዚያ ሽታ መሐል አፍልተው «ቡና ጠጣ ልጄ» ቢሉት፣ «ለቡና አልመጣሁም» ብሎ ወጣ። ወሎ ውስጥ እንዲህ አይባልም።

አሁን ደግሞ «የቦርከና ወንዝ ስላልሞላ ጎርፍ አይባልም፤ የቱቦ መዘጋት ነው» የሚል ደብዳቤ ላካችሁ። የዋስትናው ተጨማሪ ሽፋን ላይ «ጎርፍ» እንጂ «ቦርከና» የሚል የለም። ዓረቦኑን፣ ማለትም የዋስትና ክፍያውን፣ ስትቀበሉ ከተራራ የሚወርደውን ውኃ ከወንዙ አልለያችሁትም። ፖሊሲውን፣ ማለትም የዋስትናውን ሰነድም ቢሆን የሰጣችሁን ከስንት ምልልስ በኋላ ነው፤ እስከዚያ በደረሰኝ ብቻ ነበርን። የንግድ ሕጉ ቁጥር 657 ውሉ ፖሊሲ በሚባል ሰነድ ይደገፋል እንደሚል ግን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ በአክብሮት፣ ሌላ ገማች ተልኮ የግድግዳው፣ የቆጣሪ ሳጥኑና የውኃ ፓምፑ ካሳ እንዲከፈለን እንጠይቃለን። የነዋሪው ዕቃ ለብቻው ዋስትና ካልተገባለት በሕንጻው ፖሊሲ እንደማይካተት እናውቃለን፤ ስንዴውን አንጠይቅም ነበር። አታንሡ ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ግን እሱንም ክፈሉ። ገማቹም እማማ ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ።

በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ኢንሹራንስን ለሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ፎቶዎቹን አያይዘን እናመለክታለን። የዘንድሮውን የዋስትና እድሳትም ከኛ አትጠብቁ፤ የጎረቤት ብሎኮች ኮሚቴዎችም ውሳኔያችሁን እየጠበቁ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለብሎኩ ነዋሪዎች በሙሉ
ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ