ቤትሽን ደግመሽ ከማስያዝሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ዝምታችን በጣም ረዘመ። መልእክትሽ ሲደርሰኝ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! አንብቤ ስጨርስ ግን ሐሳብ ገባኝ። ቤትሽን አስይዘሽ ሁለተኛ ብድር ልትወስጂ፣ በእሱም የክሬዲት ካርዶችሽን (በዱቤ የምትገዢባቸውን ካርዶች) ዕዳ ልትዘጊ እንደሆነ ጽፈሻል። ሌላው ጨዋታ ይቆየንና ሳትፈርሚ ይድረስሽ ብዬ ነው ይሄን የምጽፍልሽ።

“7 ዓመት ከፍዬ ዕዳው ንቅንቅ አላለም” ያልሽው አንጀቴን በላው። ማንም ግን አላጭበረበረሽም። የቤት ብድር ወለድ በየወሩ የሚሰላው በቀረው ዋና ዕዳ፣ ማለትም ከተበደርሽው ገንዘብ ገና ባልተመለሰው ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ዋናው ትልቅ ስለሆነ ክፍያሽን የሚበላው ወለዱ ነው። ለስሌት እንዲመች 100,000 በ6 በመቶ ቋሚ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደርሽ እንበል። ወርሃዊ ክፍያሽ 600 ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ክፍያ 500ው ለወለድ ይሄዳል፣ ከዋናው የሚቀነሰው 100 ገደማ ብቻ ነው። በ7 ዓመት ከ50,000 በላይ ከፍለሽ እንኳ ወደ 90,000 የሚጠጋ ዕዳ ይቀርሻል። ለዋናው የሚሄደው ከወለዱ የሚበልጠው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው ስትከፍዪ ወለዱ ብቻ ከ115,000 ያልፋል። ያንኑ ብድር በ15 ዓመት ብትጨርሺው ግን ክፍያው በወር 844 ገደማ፣ ጠቅላላ ወለዱ ደግሞ 52,000 ገደማ ነው። ጊዜ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አየሽ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ብድር ልምጣ። ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ ከሚያወጣው ላይ ዕዳሽ ተቀንሶ የሚተርፈው ያንቺ ድርሻ ነው። 200,000 ቢያወጣና 120,000 ዕዳ ቢኖርበት ድርሻሽ 80,000 ነው። ሊያበድሩሽ ያሰቡት በዚህ ላይ ነው። ከቁጠባ ጋር ግን አታምታቺው። ቁጠባሽን አውጥተሽ ብትጠቀሚ ለማንም የምትመልሺው የለም፤ ይሄ ግን ከመጀመሪያው ብድር ጎን ለጎን የሚከፈል ሌላ ብድር ነው። የቤት ዋጋም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የደረሰውን ታስታውሺያለሽ፤ ስንቱ ሰው ቤቱ ከሚያወጣው በላይ ዕዳ ይዞ ቀረ!

እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። የካርድ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ መያዣ የለውም። መክፈል ቢያቅትሽ ቅጣቱና ወለዱ ይከመራል፣ ስምሽ ይበላሻል፣ ክስም ሊመጣ ይችላል። ቤትሽ ግን ውሉ ውስጥ የለም። ይህን ዕዳ ወደ ቤት ብድር ስታዞሪው በካርድ ያወጣሽው ገንዘብ ሁሉ በቤትሽ ላይ ይጻፋል። ያኔ መክፈል ቢያቅትሽ ቤቱ ሐራጅ ሊወጣ ይችላል። ሲሸጥ መጀመሪያ የሚከፈለው የመጀመሪያው አበዳሪ ነው፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ላንቺ የሚደርስሽ ከዚያ የተረፈው ነው። ሁለተኛው አበዳሪ ወለዱን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ከፍ የሚያደርገውም ወረፋው ኋላ ስለሆነ ነው።

“ወለዱ ከካርዱ ያንሳል” ትዪኛለሽ። እውነት ነው። ግን በ4 ዓመት ሊያልቅ የሚችለውን ዕዳ ለ20 ዓመት ስትዘረጊው በጠቅላላ የምትከፍዪው ሊበልጥ ይችላል። ካርዶቹም ከዕዳ ባዶ ሆነው እጅሽ ላይ ይቆያሉ፣ ያ ደግሞ ፈተና ነው።

በጭራሽ አትበደሪ አልልሽም። ገቢሽ አስተማማኝ ከሆነ፣ ወለዱ ቋሚ ከሆነ፣ ጊዜውም አጭር ከሆነ ሊያዋጣሽ ይችላል። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ ግን እስከ ስንት ሊወጣ እንደሚችል ጠይቂ። ለተወሰኑ ዓመታት ወለድ ብቻ የሚከፈልበት ውል ከሆነም ዋናው መከፈል ሲጀምር ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ይስጡሽ። ቀድሞ መክፈል ያስቀጣ እንደሆነም እወቂ።

ካሁኑ የአንድ ወር ክፍያ እንኳ የሚያልፍሽ ከመሰለሽ ሳያልፍ ሄደሽ አበዳሪውን አነጋግሪ። ክፍያ ማሸጋገር ወይም ጊዜ ማራዘም ሊኖር ይችላል። ከዘገየሽ በኋላ ያለሽ አማራጭ ይጠባል።

የውሉን ቅጂ ላኪልኝና አብረን መስመር በመስመር እናንብበው። እስከዚያ እባክሽ አትፈርሚ።

የምትናፍቂኝ ጓደኛሽ