ለማንጎ ተባይ የኒም ቅጠል ብቻውን አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የተገኘው ነጩ የማንጎ ተባይ ዛሬ ብዙ አካባቢ ተዛምቷል። «የኒም ቅጠል ወቅጣችሁ ርጩ» የሚለው ምክርም አብሮት ይዞራል። ገበሬው በዚህ ጎደሎ ምክር ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ኒምን ጭራሽ እርግፍ አድርጎ መተዉ ያሳስበናል።

ተባዩን የሚያዳክመው አዛዲራክቲን የተባለው የኒም ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው ከቅጠሉ ይልቅ በዘሩ አስኳል ውስጥ ነው። ቢጫ ሆኖ የበሰለው ፍሬ ተለቅሞ ሥጋው በውሃ ይታጠባል፤ ዘሩ ጥላ ሥር ደርቆ አየር በሚያስገባ ጆንያ ይቀመጣል። ፌስታል ያሻግተዋል። የሻገተ ዘር ጉልበቱን ያጣል፣ ለሚወቅጠውም ሰው ጤና ጎጂ ስለሆነ ይጣል።

ለ15 ሊትር መርጫ 750 ግራም የተፈለፈለ አስኳል ይበቃል። በሙቀጫ ይድቀቅ፣ ዘይቱ መውጣት ሳይጀምር ግን ይቁም። ዱቄቱን በሻሽ ቋጥሮ ጠዋት 12 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ የፈላ ውሃ ያበላሸዋል። ማታ 11 ሰዓት ላይ ቋጠሮውን ጨምቆ ውሃውን ሁለት ጊዜ ማጥለል ያስፈልጋል፣ አለዚያ የመርጫው አፍ ይደፈናል። ውሃው ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ 15 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አይሆንም፤ አልካሊነቱ አዛዲራክቲኑን ይሰብረዋል። ሳሙና ሲበዛም ቅጠል ያቃጥላል፣ ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ቅርንጫፍ ላይ መሞከር ይሻላል።

ፀሐይ የመድኃኒቱን ኃይል በጥቂት ቀናት ስለምትጨርሰው ርጭቱ ማታ ይሁን፣ በየ7 እስከ 10 ቀኑም ይደገም። ኒም እንደ ፋብሪካ መድኃኒት ወዲያው አይገድልም፤ የተባዩን እድገት ነው የሚያቋርጠው። በማግስቱ ውጤት የሚፈልግ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ለዚህ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ጊዜው ነው። የአዋቂዋ እንስት ተባይ አካል ነጭ ክዳን ሥር ስለተሸሸገ ርጭት በቀላሉ አይደርስበትም። የሚመታው ገና ተፈልፍሎ ቅጠል ላይ የሚሄደው የተባዩ ጫጩት ነው፤ በማጉያ መነጽር ፈልጎ፣ ሲበዛ መርጨት። ከ10 ሜትር በላይ ለሆነ ዛፍ ደግሞ የጀርባ መርጫ ከንቱ ድካም ነው። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ቁመቱን ማሳጠርና መሐሉን ማሳሳት ይቀድማል። ያበበ ዛፍ ንብ እያለበት አይረጭ።

በኒም ፋንታ የብርብራ ዛፍ ዘር ለመጠቀም የምታስቡም ካላችሁ፣ ዘሩ ዓሣ ማጥመጃ መርዝ ስለሆነ መርጫችሁን ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር አትጠቡ።